የኮሚክ ጀግኖች በዘፈን ግጥም ውስጥ
(ስለ ጠቃሽ ዘይቤ የቀረበ አስተያየት)

ተማሪዎች፣ ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተነጻጻሪ፣ ስለ ተለዋጭና ስለ ሰውኛ ዘይቤ ተምራችኋል። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጠቃሽ ዘይቤ ይባላል። ጠቃሽ ዘይቤ ማለት ደራሲው በአንባቢው ዘንድ አስቀድሞ የታወቀን ሰው፣ ታሪክ ወይም ድርሰት በስም ብቻ አንሥቶ ረጅሙን ነገር በአጭሩ የሚያስረዳበት ዘዴ ነው። ስለ አንድ ሰው ስንናገር «የኢዮብ ትዕግሥት አለው» ብንል፣ የኢዮብን ሀብት፣ መከራውን፣ ቁስሉንና የወዳጆቹን ነቀፌታ አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልገንም። ስሙ ብቻ ታሪኩን ሁሉ ጎትቶ ያመጣዋል።

እንዲህ ላለው ትምህርት ምሳሌ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከቅዱሳት መጻሕፍት ወይም ከነገሥታት ታሪክ ነው። ይህ ምንባብ ግን ምሳሌዎቹን የሚወስደው ብዙ ሰው ከማይጠብቀው ስፍራ ነው፤ ይኸውም ኮሚክ ከሚባሉት ባለሥዕል የታሪክ መጽሔቶችና እነዚህን መጽሔቶች ከሚጠቅሱ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ዘፈኖች ነው። ይህን ያደረግሁት ትምህርቱን ጨዋታ ለማድረግ ብዬ ሳይሆን ላቀርብላችሁ የምፈልገው ክርክር ስላለኝ ነው። ክርክሬም የሚከተለው ነው፦ የአንድ ጥቀሳ ዋጋ የሚለካው በድርሰቱ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው፤ የተጠቀሰው ስም ትልቅነት ወይም ትንሽነት ይህን ዋጋ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን አሳብ እንመልከት። ሱፐርማን የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» በተሰኘው መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ነው። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ ሲግል ታሪኩን ይጽፋል፣ ሹስተር ሥዕሉን ይሥላል። መጽሔቱ የሚሸጠው በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ስለነበረ ብዙ ሰዎች እንደ ተራ የልጆች መጫወቻ ቆጠሩት። ከዚያም አልፎ በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወደ ጥፋት ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በይፋ መረመረ፤ አሳታሚዎቹም ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ።

የዚያ ዘመን ክርክር መልኩን ለውጦ ዛሬም ይሰማል። «ተማሪ ሊጠቅስ የሚገባው ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ታላላቅ ነገሥታትንና አንጋፋ ደራስያንን ነው፤ ከሥዕል መጽሔትና ከዘፈን ምን ቁም ነገር ይገኛል?» የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ብዙ ትውልድ ሲቀባበለው የኖረ ስም ብዙ ትርጉም ተሸክሟል፤ አዲስ ስም ግን ይህን ያህል ሸክም ገና አልለመደም። ይሁን እንጂ ጥንታዊነት ብቻውን ጥቀሳን ሕያው አያደርገውም። መምህር በነበርሁባቸው ዓመታት ካረምኋቸው ድርሰቶች መካከል «እንደ ሰሎሞን ጥበበኛ»፣ «እንደ ሶምሶን ኃይለኛ»፣ «እንደ ቴዎድሮስ ጀግና» የሚሉ ሐረጎች የሌሉባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ስሞቹ ታላላቅ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ባዶ ነበሩ። ስሙን አውጥታችሁ «በጣም ጀግና» የሚለውን ብትተኩበት የሚጎድል ነገር አልነበረም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ እንለፍ። በ1972 ጂም ክሮቼ የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ስለ አንድ የሠፈር ጉልበተኛ የሚተርክ ዘፈን አወጣ። በዘፈኑ አዝማች ላይ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የተቀመጡ ማስጠንቀቂያዎች ተደርድረዋል። አንዱ ነፋስ ላይ ስለ መትፋት የሚናገር ሲሆን፣ ሌላው የሱፐርማንን ካባ ስለ መጎተት ይናገራል። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ በሉ። ነፋስ ላይ የተፋ ሰው ምን እንደሚደርስበት መጽሔት ያላየ ገበሬም ያውቀዋል። ካባው ግን ከመጽሔት የመጣ ነው። ገጣሚው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጣቸው፣ ከታተመ ገና 34 ዓመት የሆነው ገጸ ባሕርይ እንደ ነፋስ ሁሉ ለሁሉም የታወቀ ነገር መሆኑን መመስከሩ ነው። የአንድ ደራሲ ፈጠራ በምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ ሲገባ፣ በሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው።

በ1979 ደግሞ ኪንክስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እንደ ሱፐርማን ለመብረር ስለሚመኝ ሰው ዘፈነ። ተናጋሪው በመስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ቀጭን ሰውነት የሚመለከት፣ ኑሮ የከበደው ተራ ሰው ነው። ዘፈኑ በወጣበት ክረምት በእንግሊዝ አገር የሥራ ማቆም አድማ በርክቶ ስለነበረ ግጥሙም አድማዎቹን ያነሣል። እዚህ ላይ ሱፐርማን የተጠራው ለውዳሴ አይደለም። ገጣሚው የጀግናውን ግዙፍ ምስል ከሰውየው አጠገብ ያቆመው የሰውየው ማነስ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ረጅም ዛፍ አጠገብ የቆመ ሰው አጭር መስሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ ጥቀሳው የሚሠራው ሥራ የማነጻጸር ሥራ ነው።

ክራሽ ቴስት ደሚስ የተባለው የካናዳ ባንድ በ1991 ያወጣው ዘፈን ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል። ዘፈኑ ሱፐርማንንና ታርዛንን እያነጻጸረ የሱፐርማንን ጨዋነት ያነሣል። ይህ ጀግና ዓለምን ሲያድን ዋጋ አይቀበልም፤ የማንኛውንም ባንክ ግድግዳ ሊያፈርስ ሲችል እንደ ሌላው ሰው ሥራ ገብቶ ይኖራል። ገጣሚው ያደነቀው ሱፐርማን የሠራውን ሳይሆን ሊሠራው ሲችል የተወውን ነገር ነው። ስለ ጉልበቱ የተጻፈ ብዙ አለ፤ ጉልበቱን ስለ መግታቱ መናገር ግን አዲስ አሳብ ነው። ጥሩ ጥቀሳ ሁሉም ከሚያውቀው ታሪክ ውስጥ ማንም ልብ ያላለውን ጎን አውጥቶ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ በጥሞና እንድትመለከቱት የምፈልገው ግን ክሪፕቶናይት የሚለውን ቃል ነው። በታሪኩ መሠረት ክሪፕቶናይት ከሱፐርማን የትውልድ ፕላኔት የመጣ ማዕድን ሲሆን፣ ሲቀርበው ጉልበቱን ያሳጣዋል። ቃሉ መጀመሪያ የተሰማው በ1943 በሬዲዮ በተላለፈ የሱፐርማን ተከታታይ ድራማ ላይ ነው፤ ወደ መጽሔቱ የገባው በ1949 ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይህ ቃል የማንኛውንም ሰው ደካማ ጎን ለማመልከት ይነገራል። ግሪኮች የአኪሌስን ተረከዝ፣ እኛ ደግሞ የሶምሶንን ጠጉር የምናነሣው ለዚሁ ነገር ነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ከጥንታዊ ቅኔ፣ አንዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ አንዱ ከሬዲዮ ድራማ መጣ፤ የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው። ብርቱ የተባለ ሁሉ የሚሰበርበት ቦታ አለው የሚለውን እውነት በአንድ ስም ጠቅልለው ይናገራሉ።

በ2000 ስሪ ዶርስ ዳውን የተባለው የአሜሪካ ባንድ በዚሁ ቃል የተሰየመ ዘፈን አወጣ። ግጥሙን የጻፈው ብራድ አርኖልድ በጻፈበት ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ እርሱ ራሱ እንደተናገረው የጻፈውም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ነው። ይህን ስነግራችሁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግጥም ጻፉ ማለቴ አይደለም። ልታስተውሉት የሚገባው የልጁን ዕድሜና ያነሣውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ወዳጅ ለሆነ ሰው የቀረበ ነው፤ በብርታቴ ጊዜ አጠገቤ የቆምህ አንተ፣ በምወድቅበትና አእምሮዬ በሚናወጥበት ጊዜስ ትቆማለህን የሚል ነው። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ወዳጅነት እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ በራሱ ቃል ለመግለጽ ብዙ ገጽ ባስፈለገው ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ የመጽሔት ጀግና ግን መንገዱን አሳጠረለት። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በእጁ ባለው ነገር ቁም ነገር ሊጽፍ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሌላው ምሳሌ ፋይቭ ፎር ፋይቲንግ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው የጆን ኦንድራሲክ ዘፈን ነው። በ2000 በወጣው አልበሙ ውስጥ ያለው ይህ ዘፈን በሱፐርማን አንደበት የተነገረ ሲሆን፣ ጀግና ሆኖ መኖር ቀላል አለመሆኑን ይገልጻል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ የሽብር ጥቃት ሲደርስ በኒው ዮርክ 343 የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረቦች ሰው ለማዳን ገብተው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ይህን ዘፈን ስለ እነዚያ ሰዎች እንደተዘፈነ አድርጎ ሰማው። ዘፋኙም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ቀን በኒው ዮርክ ለመታሰቢያና ለርዳታ በተዘጋጀው ታላቅ ኮንሰርት ላይ ዘፈነው። ግጥሙ የተጻፈው ከጥቃቱ በፊት ነበር፤ አንድም ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው ሰሚው ነው። ጥቀሳ የሚፈጸመው በጸሐፊው ብዕር ብቻ አይደለም የምለውም ስለዚህ ነው፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው አንባቢው ነው።

ይህን ሁሉ ስል ኮሚክን የሚጠቅስ ዘፈን ሁሉ መልካም ነው እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ፖል ማካርትኒ ዊንግስ ከተባለው ባንዱ ጋር በ1975 ያወጣው አንድ ዘፈን ማግኔቶ፣ ታይታኒየም ማንና ክሪምሰን ዳይናሞ የተባሉ ሦስት የኮሚክ ገጸ ባሕርያትን በባንክ ዘረፋ ታሪክ ውስጥ ያስገባቸዋል። ዜማው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን መጽሔቶቹን ያላነበበ ሰው ሦስቱ እነማን እንደሆኑ፣ ለምን እነርሱ እንደተመረጡ ለማወቅ የሚረዳው ነገር በግጥሙ ውስጥ አያገኝም። ገጣሚው ያስደሰቱትን ስሞች ለራሱ ደስታ ሰበሰባቸው እንጂ ለሰሚው የሚሆን ትርጉም አላወጣባቸውም። ለጨዋታ የተጻፈ ዘፈን በመሆኑ ይህ ትልቅ ነውር አይደለም፤ በድርሰት ግን ጉድለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ጥቀሳ ከግጥም ስንኝ አልፎ የሰው መጠሪያ ይሆናል። በ1971 በለንደን የተወለደውና በአሜሪካ ያደገው ዳንኤል ዱሚሌ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ራፕ ይጫወት ነበር። በ1993 ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ ሙዚቃቸውን ያወጣ የነበረው ኩባንያ ውላቸውን አቋረጠ። ዱሚሌ ለዓመታት ከመድረክ ጠፍቶ ሲመለስ ኤምኤፍ ዱም የሚል ስም ይዞ መጣ፤ በ1999ም በዚሁ ስም የመጀመሪያውን አልበም አወጣ፤ ፊቱንም በብረት ጭምብል ሸፈነ። ስሙና ጭምብሉ የተወሰዱት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1962 ከፈጠሩት ዶክተር ዱም ከተባለ ገጸ ባሕርይ ነው፤ እርሱም የተጎዳ ፊቱን በብረት የሚሸፍን ክፉ ሰው ነው። ዱሚሌ በ2020 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በአደባባይ የታወቀው በዚያ ጭምብል ነው። ስለ ሐዘኑ ረጅም ንግግር ማድረግ አላስፈለገውም፤ ጭምብሉ ተናገረለት።

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» በሚሉት የፈረስ ስሞቻቸው ይጠሩ ነበር። አዝማሪና ፎካሪ የፈረሱን ስም ባነሣ ጊዜ የባለፈረሱ ዝና ሁሉ አብሮ ይነሣል። በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ጥቁር ሰው» በተሰኘው ዘፈኑ አፄ ምኒልክንና የዐድዋን ድል ሲያነሣ፣ የጦርነቱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ ያላስፈለገው ታሪኩ በሰሚው ዘንድ አስቀድሞ ስላለ ነው። ስሞቹ ይለያዩ እንጂ ጥበቡ አንድ ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ነገር ላንሣ። መጥቀስና መስረቅ የሚለያዩት በምንድን ነው? ሲግልና ሹስተር ሱፐርማንን በ1938 ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ጀግናው ለሌሎች ብዙ ሚሊዮን ሲያስገኝ ፈጣሪዎቹ በሙግትና በችግር ኖሩ፤ ለብዙ ዓመታትም ስማቸው ከሥራቸው ላይ ጠፋ። በ1975፣ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ የዓመት ጡረታ ተቆረጠላቸው፤ ስማቸውም በፈጣሪነት እንዲጻፍ ተደረገ። በሌላ በኩል በ1979 የወጣውን «ራፐርስ ዲላይት» የተባለውን ዘፈን ተመልከቱ። ከራፕ ዘፈኖች መካከል በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ከ40ዎቹ መካከል ለመግባት የመጀመሪያው ይህ ነው። ከሦስቱ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ቢግ ባንክ ሀንክ የሱፐርማንን ፍቅረኛ ሎይስ ሌንን እንዳገኘና በጀግናው ላይ እንደተሳለቀ ይናገራል። ስላቁ ያስቃል። ነገር ግን ሀንክ የሚለው ግጥም ግራንድማስተር ካዝ ከተባለ ወጣት ገጣሚ ደብተር የተወሰደ ነበር፤ ለካዝም ስሙ አልተጠቀሰለትም፣ ገንዘብም አልተከፈለውም። ይባስ ብሎ ካዝ በዚያን ጊዜ የሚጠራበት የመድረክ ስም ፊደል በፊደል ተቆጥሮ በግጥሙ ውስጥ ስለነበረ፣ ሀንክ የሌላውን ሰው ስም እንደ ራሱ አድርጎ ለዓለም አሰማ።

በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለቱንም ነገር አገኛችሁ። ሱፐርማንን ማንሣቱ ጥቀሳ ነው፤ የካዝን ስንኞች መውሰዱ ግን ግልበጣ ነው። ልዩነቱን እንዲህ ያዙት፦ የሚጠቅስ ሰው አንባቢው ምንጩን እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ የሚገለብጥ ሰው አንባቢው ምንጩን እንዳያውቅበት ይፈልጋል። በሌላ ሰው ደብተር የተጻፈ ድርሰት በስማችሁ ብታቀርቡ፣ ምናልባት መምህራችሁ ላያውቅ ይችላል፤ ድርሰቱ ግን የእናንተ አይሆንም። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ በድርሰታችሁ ውስጥ አንድን ስም ለመጥቀስ ስታስቡ ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችሁን ጠይቁ። አንደኛ፣ ስሙ ቢወጣ የሚጎድል ነገር አለን? ከሌለ አውጡት። ሁለተኛ፣ ከታሪኩ ውስጥ የምፈልገው የትኛውን ጎን ነው? ጉልበቱን፣ ድካሙን፣ ጭምብሉን ወይስ የተወውን ነገር? ይህን ሳትለዩ ስሙን አትጻፉ። ሦስተኛ፣ አንባቢዬ ይህን ስም ያውቀዋልን? ለአያታችሁ በምትጽፉት ደብዳቤ «ክሪፕቶናይት» ብትሉ ምንም አይገባቸውም፤ የሶምሶንን ጠጉር ብታነሡ ግን ወዲያው ይረዷችኋል። ለእኩዮቻችሁ ስትጽፉ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ አንድ አደጋ ያመለክተናል። ጥቀሳ የጸሐፊና የአንባቢ የጋራ ሀብት ነው። ታላላቆች የወጣቱን ጀግኖች ካናናቁ፣ ወጣቱም የኢዮብን፣ የቅኔውንና የፈረስ ስሞቹን ታሪክ ካላወቀ፣ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ አይደማመጡም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የሚጠበቅ ነገር አለ። ከእኛ ከመምህራን የሚጠበቀው ተማሪው ያመጣውን ስም ከመንቀፋችን በፊት ምን እንደሠራበት ማየት ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ደግሞ በፊልምና በመጽሔት ባገኛችሁት ስም ሳትወሰኑ አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ ሲጠቅሱት የኖሩትን ታሪክ መማር ነው። ብዙ ስም የሚያውቅ ጸሐፊ ከብዙ ሰው ጋር ይነጋገራል።

የማስተዋል ጥያቄዎችና መልመጃ
1. ጸሐፊው በጥቀሳና በግልበጣ መካከል ያለውን ልዩነት የገለጸው እንዴት ነው? በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
2. ጸሐፊው በ1975 ስለወጣው ዘፈን በሰጠው ፍርድ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
3. «የኢዮብ ትዕግሥት»፣ «የሰሎሞን ጥበብ»፣ «የሶምሶን ጠጉር» የሚሉትን ሐረጎች ስሙ ቢወጣ ትርጉም በሚጎድልባቸው ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገቡ።
4. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች የሚጠቅሱትን አንድ የታሪክ ሰውና እኩዮቻችሁ የሚጠቅሱትን አንድ የፈጠራ ገጸ ባሕርይ መርጣችሁ፣ ሁለቱ በአነጋገር ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ በማነጻጸር ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።